ቤት ለሌላት እኅታችን ምን አደረግንላት?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 1987ን መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች የተሰጠ ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ በሰየመ ጊዜ፣ የቅድስት መንበር የፍትሕና የሰላም ጳጳሳዊ ኮሚሲዮን በዚያው ዓመት ማብቂያ አንድ ሰነድ አውጥቶ ነበር። የሰነዱ ርእስ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ቤት ለሌለው ወንድምህ ምን አደረግህለት? ይላል። ቃየል ስለ አቤል የተጠየቀውን የሚያስታውስ፣ ሰምተው በቀላሉ የማያልፉት ጥያቄ ነው። ወንድም በሚለው ቃል ውስጥ እኅትም እንዳለች እናውቃለን። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ስለ እኅታችን ብቻ ለመጠየቅ ወደናል። ምክንያቱም የእርሷ ቤት ማጣት ከወንድሟ ቤት ማጣት ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አላገኘነውም፤ ለእርሱ የሚበቃው መልስም ለእርሷ ሳይበቃ ሲቀር ደጋግመን አይተናል።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የለጋምቦን ብርድ አልፎ መካነ ሰላም ይደርሳል። ከተማዪቱ የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ወዲያ ወዲህ ወግዲን፣ ከላላንና ሳይንትን ይዛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የዓባይን ሸለቆ ትጎራበታለች። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጩ የሳሩን ራስ ያነጣዋል። በእንዲህ ያለ አገር ውጭ ማደር ማለት ምን እንደ ሆነ ለደገኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ሲመሽ በዋናው መንገድ የሚያልፍ ሰው በሱቆች በረንዳ ሥር ማዳበሪያ ለብሰው የተኙ ጥቂት ወንዶችና ልጆች ያያል፤ ሴት ግን እምብዛም አያይም። ከዚህ ተነሥቶ «እኛ ዘንድ ቤት የሌላት ሴት የለችም» የሚል አለ። እኛም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስንል ኖረናል።

ታዲያ የት ናቸው? አንዷ በጠላ ቤቱ ጓዳ፣ ከጋኑ አጠገብ ናት፤ ጠጪው ተጠራርጎ እስኪወጣ መተኛት አትችልም። ሌላዋ በሰው ማድ ቤት፣ እሳቱ በተዳፈነበት ምድጃ ዳር ጀንዲ አንጥፋ ታድራለች፤ ሠራተኛ ትባላለች፤ ከደመወዟ ይልቅ የያዛት ግን ማደሪያው ነው። አንዲቱ በወንድሟ ቤት ከወንድሟ ሚስት ፊት እየሸሸች ትኖራለች። አንዲቱም ከማታውቀው ሰው ጋር በደባልነት ገብታለች፤ የደባልነቱም ዋጋ በብር ብቻ የሚከፈል አይደለም። ያረጁት በደጀ ሰላም፣ በእስልምና በኩል ያሉትም በሐድራና በመስጊድ አጥር ሥር ይገኛሉ። ወሎ በዚህ ረገድ የቆየ ደግነት አላት፤ አልቡኮ ውስጥ እንዳለው እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉ ስፍራዎች የመጣውን ሁሉ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ማብላታቸው ይነገርላቸዋል። እንግዲህ ሴቶቹ አሉ። ያላየናቸው ጣራ ስለ ሸፈናቸው ነው። ጣራ ያላት ሁሉ ግን ቤት አላት ማለት ነውን? የጽሑፋችን ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቋንቋችንን ብንመረምር ቤት የሚለው ቃል ከግድግዳና ከጣራ ይልቃል። ያገባች ሴት ጎጆ ወጣች ይባላል፤ ባልም ሚስትም እርስ በርሳቸው ባለቤቴ ይባባላሉ። ማኅበራችን ሴትን በቃል የቤት እመቤት አድርጓታል። በተግባር ግን በደጋው አገር ሙሽራዪቱ የምትገባው ወደ ባሏ ወገን ግቢ ነው። ቤቱን የምትመርገው፣ በጭቃና በእበት የምትለቀልቀው፣ እሳቱን የምታነድደው እርሷ ናት፤ መሬቱ ግን የባሏ አባት መሬት ነው፤ ጎረቤቱም የባሏ ዘመድ ነው። ትዳሩ የፈረሰ ቀን «ሂጂ» የሚባለው ማን እንደ ሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ወደ አባቷ ቤት ስትመለስም አባቷ መሬቱን ለወንዶቹ ልጆቹ አካፍሎ ትጠብቃለች። ስለዚህ በሁለት ቤት መካከል ያለችና የሁለቱም ያልሆነች ሴት የምትፈጠረው ድንገት በደረሰ መከራ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከሠርጓ ዕለት ጀምሮ የተዘጋጀ ነው።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ከመምህራኑ ቀድሞ መሄዱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ የጋራውን መኖሪያ የመምረጥ ሥልጣንም ለእርሱ ሰጥቶ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር ድልድሉ በአብዛኛው በቤተሰብ ኃላፊ ስም ስለ ተጻፈ፣ ባለ ትዳሯ ሴት መሬት ያገኘችው በባሏ በኩል ብቻ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጹ የሴቶችን እኩልነት በንብረትና በመሬት ጉዳይም ደነገገ፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዘመን ግድም በክልሉ መታደል የጀመረው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የያዘ ነው። በፍቺ ጊዜ ሴቲቱ ደብተሩን ይዛ ወደ ፍርድ ቤት መሄዷ ትንሽ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ይህን አላገኙም።

ነገር ግን ደብተር ብቻውን ማታ አያሳድርም። ፍርድ ቤቱ ድርሻዋን ወሰነላት እንበል። መሬቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ቤቱም እንደዚሁ። በገጠሩ ቤት ለሁለት የሚከፈለው እንዴት እንደ ሆነ ያየ ያውቃል፤ ጣራው ወርዶ ቆርቆሮው ይቈጠራል፤ ማገሩና ምሰሶው ይከፈላል። ለወንዱ ወገኖቹ በደቦ መጥተው በሳምንት ጎጆ ያቆሙለታል። እርሷ ግን ዐሥር ቆርቆሮ ይዛ በቀድሞ ባሏ ዘመዶች መካከል ብቻዋን ቤት ሠርታ መኖር አለባት። የምታርስበት በሬ የላት፤ ሴት ሞፈር አትጨብጥም የሚለው ልማድ ገና አልሞተም፤ ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ሌሊት በሯን የሚገፋ ሰው ቢመጣ የምትጮኸው የእርሱው ወንድም እንዲሰማት ነው። ከዚህ በኋላ ቆርቆሮውን ሸጣ ወደ ከተማ ብትወርድ ማን ይፈርድባታል? መብቷ ሳይጎድል ቤት ያጣች ሴት ይህች ናት።

በሕመም ምክንያት ከቤት የወጡትንም ሳናነሣ አናልፍም። በወሊድ ምጥ ብዛት ፌስቱላ የደረሰባቸው እኅቶች ሽንታቸውን መቆጣጠር ባለመቻላቸው ከባላቸው መኝታ፣ ቀጥሎም ከቤቱ ወጥተው ለብቻ በተሠራ ጎጆ መኖራቸው በአገራችን የታወቀ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በአዲስ አበባ ባቋቋሙት ሆስፒታል አብዛኞቹ ድነው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ሕመማቸው ሙሉ በሙሉ ሊድን ላልቻለው ደስታ መንደር የተባለ መኖሪያ ተሠራላቸው። ለዳነችው ሕክምና በቃት፤ ላልዳነችው ግን ሐኪሞቹ መንደር መሥራት ነበረባቸው።

ደጋው አገር ስለ እንግዳ ያለው ልማድ የሚያኮራ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ በር ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ቢል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ይህን የአባቶቻችንን ምግባር በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ስንት ጊዜ በምሳሌነት አቅርበናል! ሆኖም ልማዱን ቀረብ ብለን ብንመለከተው ለማን እንደ ተሠራ ይገባናል። ለመንገደኛ ነው፤ ከአንድ ቤት ተነሥቶ ወደ ሌላ ቤት ለሚሄድ፣ ነገ ጠዋት አመስግኖ ለሚነሣ ሰው ነው። ሴት ብቻዋን፣ ልጅ አዝላ፣ ማታ በር ላይ ብትቆም ከመግባቷ በፊት ትጠየቃለች፤ የማን ሚስት ናት? ምን አጥፍታ ነው? ባሏ ነገ ቢመጣብንስ? የመሸበት ወንድ እንግዳ ይባላል፤ የመሸባት ሴት ግን ነገር ያላት ሴት ትባላለች። ልማዱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መነሻ ቤት የሌላትን ሴት አስቦ የተሠራ ባለመሆኑ ነው።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ እንዳይመስል የራሳችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከቁምስናዎቻችን በአንዱ፣ የማታ ጸሎት አብቅቶ በሩ ሊዘጋ ሲል አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ገባች። አንዱን አዝላዋለች፤ ሌላዋ በግምት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከምዕራቡ ደጋ በእግርም በመኪናም መጥታለች። ግንባሯ ላይ ቁስል ነበረባት። የማኅበሩ አባላት ተሰብስበን ተነጋገርን። ወንዶች የሚያድሩበት አንድ ክፍል በግቢው ነበረ፤ ለሴት የተዘጋጀ ግን አልነበረም። ከአዳራሹ ጀርባ ሲሚንቶና የተሰበሩ ወንበሮች የሚቀመጡበት ክፍል አለ፤ ቁልፉ ግን ዕቃ ግምጃ ቤቱን በያዘው ሰው እጅ ነበር፤ እርሱም ወደ ቤቱ ሄዷል። አንዳችን ከቀበሌዋ ደብዳቤ ይዛ እንደ ሆነ ጠየቅናት። ሌላችን ባሏን እናስታርቅሽ አልናት። በዚያች ሌሊት አንዲት ምእመን ቤቷ ወስዳ አሳደረቻት። በማግሥቱ የመመለሻ ሣንቲም አዋጥተን፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለን ወደ ባሏ መለስናት። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «ታርቀዋል» አሉን፤ እኛም ደስ አለን፤ እግዚአብሔርንም አመሰገንን። ከአምስት ወር በኋላ እንደገና ከቤት መውጣቷን ሰማን። ወደ እኛ ግን አልመጣችም። በዚህ የሚገረም ካለ እኛ አይደለንም።

በዚያች ሌሊት ያደረግነውን ዛሬ ስናስበው ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነን ዕርቁ አይደለም፤ ዕርቅ የተቀደሰ ሥራ ነው። የሚከነክነን በመካከሉ የጠየቅናት አንድ ጥያቄ ነው። «ከቤትሽ ወጥተሽ ወዴት ትሄጃለሽ?» አልናት። ጥያቄው የርኅራኄ ይመስላል። ነገር ግን መልሱን የያዝነው እኛው ነበርን፤ የምትሄድበት እንዳይኖር ያደረገው የተቈለፈው ክፍላችን ነበርና። «ቻይው» የሚለው ምክር በአገራችን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከክርስትና እናት ወደ ሙሽራ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ትዕግሥት መልካም ግብር መሆኑን ማን ይክዳል? ትዕግሥት ግን በሁለት መንገድ መካከል ለቆመ ሰው የሚመከር ነው። አንድ መንገድ ብቻ ላላት ሴት ቻይው ማለት ምክር መሆኑ ቀርቶ በሩን በላይዋ መቈለፍ ይሆናል። የሚመታት ሰው የልብ ልብ የሚሰማው ከጉልበቱ የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ውጭው ከእርሱ ይልቅ እንደሚከፋባት ያውቃል። ውጭውን ክፉ አድርገን ያቆየነው ሁላችን ሳንወድ በግድ አጋዦቹ ሆነናል።

አንዳንድ መምህራን በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ቀላል አይደለምና ልንሰማው ይገባል። «ለምትወጣ ሴት ሁሉ በር ከተከፈተላት ትዳር ይፈርሳል፤ ትንሽ የተቈጣች ሁሉ ትወጣለች» ይላሉ። እኛ በበኩላችን የምናውቀውን ብንናገር፣ ሴት ልጅ አዝላ በውርጭ ሌሊት ከቤት የምትወጣው በትንሽ ቁጣ አይደለም። ደግሞም መውጫ ስለ ሌለው ብቻ የቆመ ትዳር ቅዱስ ምሥጢር በምንለው ረገድ ምን ያህል ቆሟል ሊባል ይቻላል? ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ በነፃ ፈቃድ እንዲፈጸም አጥብቃ ትጠይቃለች፤ በግዴታ የተፈጸመውን እንደ ተፈጸመ አትቈጥረውም። በመግባቱ ጊዜ ነፃነትን ይህን ያህል የምንጠነቀቅለት ከሆነ፣ በውስጡ በመኖሩም ጊዜ ስለ ነፃነት ግድ ሊለን ይገባል። ሕጋችንም ቢሆን ግፍ የሚፈጽም የትዳር ጓደኛ ሲያጋጥም ተለይቶ መኖርን አልከለከለም። ተለይታ የምትኖረው ግን የት ነው? ለዚህ ነው ነገሩ ከትምህርት አልፎ የክፍልና የቁልፍ ጉዳይ የሚሆነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። በጠላ ቤቱ ጓዳ ያለችው፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ደባል የገባችው እኅታችን፣ ስለ ማደሪያዋ በሰውነቷ ትከፍላለች እንበል። ብዙዎቻችን ፈጥነን ኃጢአቷን እንናገራለን። ጥንታዊው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ሰው ፈቃድ ሲያስተምር በማዕበል የተያዘውን መርከበኛ በምሳሌነት አንሥቷል። መርከበኛው ጭነቱን ወደ ባሕር ይጥላል። በገዛ እጁ ይጥለዋልና ወዶ ያደረገው ይመስላል፤ ነገር ግን ማንም ሰው በጤናው ንብረቱን ወደ ባሕር አይጥልም። ስለዚህ ሥራው ከፈቃድና ከግዳጅ የተቀላቀለ ነው አለ። የመካነ ሰላሟ እኅታችንም የምትጥለው ጭነት ክብሯ ነው፤ ማዕበሏም ሌሊቱ ነው። ሥራው መልካም ነው አንልም። ነገር ግን በዳር ቆመን ጭነቱን ስትጥል የምናይ ሰዎች፣ ገመድ ሳንወረውርላት ስለ ጭነቱ መበላሸት ብንገሥጻት ተግሣጻችን ከምን ይቈጠራል? ጥፋቱን በትክክል እናካፍል ካልን የሚበዛው ድርሻ ማደሪያን በዚህ ዋጋ ለሚሸጠው ነው፤ እርሱ ማዕበል አልያዘውምና። የሚገርመው እርሱ በማግሥቱ በማኅበር ላይ ይቀመጣል፤ ስለ እርሱ ሰባኪ ሲናገር አልሰማንም።

ወደ ትልልቆቹ ከተሞች የዘለቁት ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። በደሴ በአዲስ አበባም በረንዳ ካደሩ ሴቶች እንደ ሰማነው፣ ሌሊት መተኛት አደጋ ስለ ሆነ የሚተኙት ቀን፣ ሰው በሚያልፍበት ስፍራ ነው፤ እኛም ቀን ተኝተው ስናያቸው ሰነፎች እንላቸዋለን። አንዷ «ከብዙ ወንድ አንድ ወንድ ይሻለኛል ብዬ ተጠጋሁት» ብላናለች። ወር በመጣ ቁጥር ጨርቅና ውኃ የለም። መጸዳጃ ፍለጋ ጨለማ ይጠብቃሉ፤ ጨለማውም የሚፈሩት ነገር ነው። ስለ እነዚህ ነገሮች በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ላይ መጻፍ ነውር የሚመስለው ይኖር ይሆናል፤ ነውሩ ግን በመጻፉ ላይ አይደለም። ያረገዘችም አለች፤ ወልዳም ከሕክምና ቤት ስትወጣ ሕፃኑን ይዛ ወደዚያው ካርቶን ትመለሳለች። ወንድ ብቻውን ይለምናል፤ እርሷ ልጇን ይዛ ስትለምን በልጅ ትነግዳለች ትባላለች፤ ልጇን ትታ ስትለምን ደግሞ ጨካኝ ትባላለች።

በዚህ ላይ የወረቀቱ ነገር ይጨመራል። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቁጥር ይጠየቃል። የጤና መድኑም ሆነ በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ሴፍቲኔት መዝገቡን የያዘው በቤተሰብ ነው፤ ከቤት የወጣችው ሴት ስሟ በቀድሞ ባሏ ቅጽ ላይ ቀርቷል። የከተማው ሴፍቲኔት ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር በጎዳና የሚኖሩትንም ለማገዝ አስቦ ነበር፤ ይህ መልካም ነው። መካነ ሰላምን የመሰሉ ትንንሽ ከተሞች ግን ከእነዚህ መካከል አልነበሩም። ስለዚህ ከወግዲ ወይም ከከላላ የወጣች ሴት እርዳታ ለማግኘት ወደ ሩቅ መሄድ አለባት፤ በሄደች ቁጥርም የሚያውቃት ሰው ያንሳል።

ጦርነትና መፈናቀል ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ደረሰ። በ1977ቱ ረኃብ ከወሎ ተነሥተው በወለጋ የሰፈሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በተለይ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ቶሌ ቀበሌ ከደረሰው እልቂት በኋላ፣ ብዙዎቹ ወደ አባቶቻቸው አገር ተመለሱ፤ በሐይቅ አካባቢ በተተከሉ መጠለያዎችም ተቀመጡ። አገራቸው ነው፤ መሬት ግን የላቸውም። ባሏ የተገደለባት ሴት በሸራ ድንኳን ውስጥ ከማታውቃቸው ቤተሰቦች ጋር ስትኖር በር የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሸራ አይቈለፍም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት፣ ከቤታቸው የወጡት እናቶች ስንት እንደ ሆኑ ቈጥረን አንጨርስም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁሉም ቤት ያጣል፤ ሴት ግን ቤት ባጣችበት ሰዓት ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ተሸክማ ነው።

ስለ ዐረብ አገርም አንድ ነገር እንበል፤ ከደቡብ ወሎ ያልሄደባት ልጅ የሌላት ቤት ጥቂት ናትና። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሊባኖስ ኑሮው ሲናጋና ወረርሽኙ ሲገባ፣ ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አውርደው ሄዱ። ልጆቹ በአስፋልቱ ላይ አደሩ። ከሠሩበት ቤት የሚሸሹ ስደተኞች ሴቶችን ካሪታስ ሊባኖስ ለብዙ ዓመታት በመጠለያዎቹ ሲቀበል ቆይቷል፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። ነገሩ ግን ከሩቅ አገር ክፋት ብቻ የመጣ አይደለም። ሥራዋና መኝታዋ በአንድ ጣራ ሥር የሆኑባት ሴት ከሥራ የወጣች ዕለት ከቤትም ትወጣለች፤ ይህ ደግሞ በቤይሩት እንደ ሆነ ሁሉ በእኛም ማድ ቤት ነው። ሠራተኛችንን በሌሊት «ውጪልኝ» ያልናት እኛ አይደለንምን? የዐረብ አገሩ ነገር ሌላም መራራ ገጽ አለው። ልጅቱ በላከችው ገንዘብ የአባቷ ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል። ስትመለስ አባቷ አርፎ ወንድሟ አግብቶበታል። ቆርቆሮው የእርሷ ላብ ነው፤ ቤቱ ግን የወንድሟ ነው። እርሷም እንግዳ ሆና ትቀመጣለች።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጉዳይ በዝምታ አላለፈውም። በዘኍልቍ መጽሐፍ 27ኛ ምዕራፍ የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴና በጉባኤው ሁሉ ፊት ቆመው ከአባታቸው ወንድሞች ጋር ርስት እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ሙሴ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም እውነት እንደ ተናገሩ መሰከረላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የነበረው ሥርዓት ሴቶቹን አላሰባቸውም ነበር። የመጽሐፈ ሩት ነገርም እንደዚሁ ነው። ቃርሚያ ለድኻውና ለመጻተኛው እንዲተው ሕጉ ያዝዛል፤ ሩትም በዚያ ሕግ ወደ እርሻው ገባች። ቦዔዝ ግን ሕጉ በቂ እንዳልሆነ ስላወቀ ጎልማሶቹ እንዳይነኳት አዘዘ። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስናስተምር እህሉን እናነሣለን፤ ትእዛዙን እንዘልለዋለን። ትእዛዙ ባይኖር ኖሮ ሩት ከእርሻው እህል ብቻ ይዛ ትመለስ ነበርን?

ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ደግሞ እጅግ በጸና ችግር ላይ ያለ ሰው ሕይወቱን ለማዳን ከሌላው የወሰደው ነገር እንደ ስርቆት እንደማይቈጠር አስተምሯል፤ በዚያ ሰዓት ንብረቱ የጋራ ሆኗልና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም የምድር በረከት ለሁሉ እንደ ተሰጠ ሲያስተምር ይህንኑ ሐሳብ ተቀብሎታል፤ መኖሪያ ቤትንም ለሰው ልጅ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል ቈጥሮታል። ይህን ትምህርት ስለ እንጀራ ስንናገር በቀላሉ እንቀበለዋለን። ስለ ክፍል ስንናገር ግን ይከብደናል። ባዶ ክፍል ያለው ሰው በውርጭ ሌሊት በሩ ላይ ለቆመች ሴት ቢከፍትላት ምጽዋት ሰጠ እንላለን። እንደ ቅዱስ ቶማስ አስተሳሰብ ከሆነ ግን የሰጠው የራሷን ነው። ምጽዋት የሚቀበል ሰው ያመሰግናል፤ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ የሰጪውን ፊት ያያል። የራሱን የሚቀበል ሰው ግን ቀና ብሎ ይገባል። ቤት ላጣች ሴት ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የመጠለያ ባለውለታ የሆነች ሴት ውለታውን በምን እንድትከፍል እንደምትጠየቅ ከላይ ተናግረናልና።

በአገራችን የተጀመሩ መልካም ሥራዎች አሉ። ከጥቃት ለሸሹ ሴቶች በአዲስ አበባ መጠለያ የከፈተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አንዱ ነው። የእማሆይ ቴሬዛ እኅቶችም በ1966 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከመጡ ጊዜ ጀምሮ ሌላው የተጸየፈውን ሲቀበሉ ኖረዋል። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያም ከጎዳና ያነሣቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ብዙ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ግን ከመካነ ሰላም ለምትነሣ ሴት ሩቅ ናቸው፤ የመኪናው ዋጋ ራሱ የሳምንት ቀለቧ ነው። በምዕራቡ ደጋ የእኛ ምእመናን ጥቂቶች ናቸው፤ ብቻችንን የምንሠራውም ጥቂት ነው። ከኦርቶዶክሱ ሰንበቴ፣ ከእስልምናው ጀማዓ፣ ከሴቶቹ ዕድር ጋር ሆኖ በየወረዳው ከተማ አንድ የታወቀ በር ማስተካከል ግን ከአቅማችን በላይ አይመስለንም። ዕድር ለሞተ ሰው ድንኳን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይተክላል።

ያቺን ሴት ወደ ባሏ በመለስንበት ቁምስና ጉዳዩ ባለፈው ዓመት እንደገና ተነሣ። ሲሚንቶው ከክፍሉ እንዲወጣ ያለ ብዙ ክርክር ተስማማን። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ስለ አልጋው ቍጥር፣ ስለ ደንቡ፣ ስንት ሌሊት መቆየት እንደሚፈቀድ፣ የማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ ረጅም ጊዜ ተነጋገርን። በስተኋላ ተቀምጠው ያዳመጡ አንዲት እናት ፈቃድ ጠይቀው ተነሡና፣ መጸዳጃ ቤቱ ከክፍሉ ሰማንያ እርምጃ ያህል እንደሚርቅ፣ በመንገዱም ላይ መብራት እንደሌለ ተናገሩ። ቀጥለውም የክፍሉ በር መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ብቻ መሆኑን፣ በውስጥ በኩል ምንም እንደሌለው አሳዩን። ለዕቃ ተብሎ የተሠራ ክፍል ነውና ይህን ከእኛ ማንም አላስተዋለውም ነበር። መቀርቀሪያው በሚቀጥለው ቅዳሜ ተገጠመ፤ መብራቱን ገና እየጠበቅን ነው።